ጎተራው ሳይሞላ የሚከበር በዓል

ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ለመሄድ ሲሰናዳ፣ ሰማዩ ግን ገና ቁርጡን ሳይናገር በሚያመነታባቸው በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት የጳጉሜን ቀናት፣ ምድራችን የምትለብሰውን ልብስ በየዓመቱ እናያለን፤ በየዓመቱም እንደ አዲስ እንገረማለን። ማለዳ ጉም ተራራውን ሸፍኖት ያረፍዳል። ከቀትር በኋላ ደመናው ተሰንጥቆ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ትናንት አረንጓዴ ብቻ የነበረው ጋራ ዛሬ በዐደይ አበባ ቢጫ ተንቆጥቁጦ ይታያል። ጳጉሜን 3 ቀን በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የሚወርደው ዝናብ የተባረከ ነው ሲባል የሰሙ ሕፃናት ራቁታቸውን ደጅ ወጥተው ይቦርቃሉ። በዋዜማው ምሽት ችቦ ይበራል። በከተማው ገበያ ደግሞ የበጉና የዶሮው፣ የቅቤውና የሽንኩርቱ ዋጋ የየቤቱ መነጋገሪያ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ብዙዎቻችን ልብ ሳንለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ዕንቁጣጣሽ የሚከበረው የገበሬው ጎተራ በተሟጠጠበት ወራት ነው። በሌላው ዓለም ታላላቅ የሚባሉ የደስታ በዓላት መኸር ከገባ በኋላ የሚውሉ ብዙ ናቸው፤ በብሉይ ኪዳን የምናነበው የዳስ በዓል እንኳ የአዝመራ መክተቻ በዓል ነበር። የእኛ አዲስ ዓመት ግን ጤፉ ገና ሣር መስሎ ሳለ፣ ስንዴው ዛላ ሳያወጣ፣ አምና የገባው እህል ወደ ጎተራው ወለል ሲወርድ ይመጣል። እርግጥ በአንዳንድ ስፍራ የበቆሎ እሸት ደርሶ ይሆናል፤ ቶሎ የሚደርስ ገብስም አለ። ዋናው አዝመራ ግን የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ዘፈን፣ ያ ሁሉ ለምለም ሣር፣ ያ ሁሉ ‹‹እንኳን አደረሳችሁ›› የሚባለው ገና ባልታየ እህል ላይ መሆኑ ነው።

የከተማው ነዋሪም ከዚህ የራቀ አይደለም። መስከረም ሲብት ለልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደብተርና የደንብ ልብስ መግዣ ተከፍሎ ኪስ የሚራቆትበት ወር ነው። የእርሱም ጎተራ፣ ደመወዙ ማለታችን ነው፣ በዚሁ ሰሞን ይሟጠጣል። ሆኖም ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ይፈላል። ይህን ደስታ ከምን እናምጣው? ሰው ባዶ እጁን ሆኖ እንዴት ይደሰታል? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ጥቂት ሊቆይ ይወዳል።

ገጠር ያደግን ሰዎች የምናስታውሰው ነገር አለ። በጎጇችን ምሰሶ ላይ፣ ጢስ ከሚያጠቁረው ጣሪያ ሥር፣ አንዲት ስልቻ ተንጠልጥላ ትከርም ነበር። በውስጧ የዘር ጤፍ አለ። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲጋመስ፣ እንጀራው በቀን ሁለቴ መሆኑ ቀርቶ አንዴ ሲሆን፣ እርሱም ሲሳሳና ከቆሎ ጋር ሲቀላቀል፣ የልጅ ዓይን ወደዚያች ስልቻ ማንጋጠጡ አይቀርም። ‹‹እምዬ፣ ያ ጤፍ አይፈጭም?›› ብለን አያታችንን ጠይቀናቸው ነበር። ‹‹እሱ የማሳው ድርሻ ነው ልጄ፤ የሰው ድርሻ አይነካም›› አሉን። ቁጣ አልነበረበትም። እርሳቸው ራሳቸው በዚያን ዕለት ከቡናው ቁርስ ሌላ ምን እንደቀመሱ ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው።

ጤፍ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ 3000 ገደማ ፍሬ ይገኛል። ስሙ ራሱ ‹‹ጠፋ›› ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ከእጅ ከወደቀ አይገኝምና። ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ አርሶ፣ አለስልሶ፣ በከብት እግር አስረግጦ ካበቃ በኋላ፣ ያንኑ ልጆቹ ሲመኙት የከረሙትን እህል በእፍኙ ዘግኖ በጭቃው ላይ ይበትነዋል። በነባሩ አዘራር ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይፈጅ ነበር። ለተራበ ቤተሰብ ይህ ትንሽ እህል አይደለም። የበተነውን ዘር መልሶ ሊለቅመው አይችልም፤ ዝናቡን ሊያዝዘው አይችልም፤ ውርጩን፣ በረዶውን፣ አንበጣውን ሊከለክል አይችልም። እጁን አራግፎ ‹‹እንግዲህ አንተ ታውቃለህ›› ብሎ ወደ ሰማይ ቀና ይላል። መታመን የሚለውን ቃል መምህራን በብዙ መንገድ ያብራሩታል፤ እኛ ግን ከዚህ የጭቃ ላይ ሥራ የበለጠ ትርጓሜ አላገኘንለትም። በሐምሌ የዘራ ሰው በመስከረም የሚደሰተው እንዲያው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ያለውን ሰጥቷል፤ የቀረው የእርሱ ፋንታ አይደለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ይህን የችጋር ወራት በዝምታ አላለፉትም። ክረምቱ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ሲቆጠር በየንዑስ ክፍሉ የየራሱ ስም አለው። ዘር የሚዘራበት፣ ደመና የሚበዛበት፣ መብረቅና ነጎድጓድ የሚሰማበት እየተባለ ይወርዳል። ከዚያም በነሐሴ፣ ጎተራው ፈጽሞ በሚራቆትበት ጊዜ፣ ‹‹ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ›› የሚባል ዘመን ይመጣል። ዕጓለ ቋዓት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው፤ ደሰያት ደሴቶች፤ ዐይነ ኵሉ የሁሉ ዓይን። ከዓመቱ ሁሉ እጅግ ለሚያስርበው ሰሞን ሲርባቸው ወደ ፈጣሪ የሚጮሁትን የቁራ ጫጩቶች፣ ምግቡን በጊዜው ለማግኘት ወደ ላይ የሚያንጋጥጠውን የፍጥረት ሁሉ ዓይን መታሰቢያ አድርገው ሰየሙለት። መነሻው መዝሙረ ዳዊት ነው። ይህን የጊዜ አከፋፈል የሠሩት አባቶች ዜማና ቀመር ብቻ ሳይሆን የገበሬውን ማጀትም ያውቁ ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ስለ ቁራው ጫጩት በትርጓሜ መምህራን ዘንድ የሚነገር ታሪክ አለ። ጫጩቶቹ ከዕንቁላላቸው ሲወጡ ላባ የላቸውም፤ መልካቸውም ወላጆቻቸውን አይመስልም። ስለዚህ እናትና አባት ‹‹የእኛ አይደሉም›› ብለው ትተዋቸው ይሄዳሉ። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ እግዚአብሔር ተሐዋስያንን ወደ አፋቸው እያመጣ ይመግባቸዋል፤ ላባቸው በቅሎ ሲጠቁሩ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ ይባላል። የአዕዋፍን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ ቁራ ለጫጩቶቹ ትጉ ወላጅ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ እንደሚያጎርሳቸው ይነግሩናል። እዚህ ላይ ፈገግ ብለው አባቶችን የሚነቅፉ አይጠፉም። እኛ ግን ሁለቱን ለማጣላት አንቸኩልም። ጫጩቱ ዓይኑ ሳይገለጥ አፉን ይከፍታል፤ ምንቃሩ ከየት እንደመጣ አያውቅም። የወላጁ ክንፍ መድከሙ የፈጣሪን መግቦት የሚያሳንስበት ምክንያት አይታየንም። መግቦቱ በዚያው ምንቃር በኩል መጥቶ ቢሆንስ?

የእስልምና እምነት ተከታይ የሆነው ጎረቤት ገበሬም በዚያው ደመና ሥር ያርሳል። እርሱም ተወኩል በሚባለው በአላህ መመካት ውስጥ ስለ ወፎች የሰማው ትምህርት አለው። ማለዳ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ወጥተው ማምሻውን ጠግበው እንደሚመለሱ ነቢዩ መሐመድ ማስተማራቸው በሐዲስ ይነገራል። ልብ እንበል፣ ወፎቹ ከጎጇቸው ወጥተዋል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቶ ሊተዋት ለጠየቀው ሰውም አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ መነገሩ በዚያው ትውፊት የታወቀ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በስብከት ቢለያዩ በሞፈርና ቀንበር አይለያዩም።

ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ‹‹እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም›› ይላል የሀገራችን ሰው። ብዙ ሰው በዚህ ቃል ተጽናንቶ አድሯል። ነገር ግን በ1965 እና በ1966 በወሎ፣ በ1977 በኮረምና በባቲ መጠለያዎች ሳይዘጉ ያደሩ ጉሮሮዎች ስንት ነበሩ! ከእነዚያ መካከል ዘሩን የበተነ፣ ጾሙን የጾመ፣ ጸሎቱን ያደረሰ አልነበረም ማን ይላል? ከ2013 እስከ 2015 በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሽፈው አርብቶ አደሩ የከብቶቹን አፅም ሲቆጥር አይተናል። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ በማሳው ላይ መዝራት ያልቻለ፣ የዘራውንም ያላጨደ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። ለእነዚህ ሰዎች ፊት ቆመን ‹‹ብትታመኑ ኖሮ›› የምንል ከሆነ፣ መጽሐፍ የሚነግረንን የኢዮብን ወዳጆች ስህተት መድገማችን ነው። እነዚያ ወዳጆች ከአፋቸው የወጣው ሁሉ መልካም ስብከት ይመስል ነበር፤ በመጨረሻ የተገሠጹት ግን እነርሱ ናቸው፤ የጮኸው ኢዮብ አይደለም።

በየቤቱ ዳዊት የሚደግሙ ሰዎች ሌላ ጎረቤት አላቸው። በእኛ ሀገር ሥርዓት ከመዝሙረ ዳዊት ጋር አብሮ የሚጻፈው የነቢያት ጸሎት ነው፤ ከእነዚህም አንዱ የነቢዩ ዕንባቆም ጸሎት ነው። የዕንባቆም መጽሐፍ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው። አጀማመሩ ምስጋና አይደለም፤ እስከ መቼ እየጮኽሁ አትሰማኝም የሚል አቤቱታ ነው። ነቢዩ ይከራከራል፤ መልስ ሲሰጠው መልሱንም መልሶ ይጠይቃል። ከዚያ ሁሉ ሙግት በኋላ በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ የአንድ ገበሬ ሀብት አንድ በአንድ ይቆጥራል። በለሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ እርሻውን፣ የበጉን ጉረኖ፣ የላሙን በረት፤ ሁሉም ባዶ ቢሆኑ ብሎ ያስባቸዋል። አንድም ነገር አልቀነሰም፤ ‹‹ያን ያህልም አይከፋም›› አላለም። በዚያው ባዶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ግን በመድኃኒቱ በእግዚአብሔር ሐሤት እንደሚያደርግ ይናገራል።

ይህ ቃል አፍ ላይ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ለተራበ ሰው እንደ ትእዛዝ መወርወር የለበትም። ነቢዩ የተናገረው ስለ ራሱ ነው። ደስታው ግን ከፍሬው ጋር እንዳልታሰረ ማየት እንችላለን። ከፍሬው ጋር የታሰረ ደስታ ፍሬው ሲያልቅ ያልቃል፤ ከበጉ ዋጋ ጋር የታሰረውም በጉ ሲወደድ ይኮሰምናል። ለዘንድሮው በዓል ዶሮ መግዛት ያልቻለች እናት በልጆቿ ፊት የሚሰማት ሐፍረት ምን ያህል መሆኑን የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። ያቺ እናት ሽሮዋን ሠርታ፣ ሣሯን ጎዝጉዛ፣ ልጆቿን ‹‹እንኳን አደረሳችሁ›› ብላ ስትስም የምታሳየው ደስታ ከማንም ቤት ደስታ አያንስም። አንዳንዴም፣ ድፍረት አይሁንብንና፣ ይበልጣል።

በዓሉ ሌላም ስም አለው። ብዙ የሀገራችን ሰው ‹‹ቅዱስ ዮሐንስ›› ይለዋል። መጥምቁ ዮሐንስ በብሉይና በሐዲስ ኪዳን መካከል የቆመ መሸጋገሪያ ስለሆነ፣ በአሮጌውና በአዲሱ ዓመት መካከል ለሚቆመው ዕለት ስሙ መሰጠቱን መምህራን ያስተምራሉ። የእርሱን ሕይወት በዚህ በደስታ ቀን ማሰብ ግን ቀላል አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ አንድ ቀን ሕዝቡ ሁሉ ወደ ሌላው እየሄደ ነው ብለው በቅሬታ መጡ። እንደ ዛሬው አነጋገር ገበያው መቀዝቀዙን መንገራቸው ነበር። ዮሐንስ ራሱን ከሙሽራው አጠገብ በቆመ ሚዜ መስሎ፣ የሙሽራውን ድምፅ በመስማቱ ደስታው መፈጸሙን መለሰላቸው። የእርሱ ማነስ ደስታውን አላሳነሰውም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ያማረ ምሳሌ ሆኖ በቀረ። ነገር ግን ሄሮድስ አሰረው። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ እንደሚለው የታሰረው ከሙት ባሕር በስተምሥራቅ በሚገኘው በማኬሮስ ምሽግ ነው። ያ የምድረ በዳ ሰው፣ ሰማይን ጣሪያው አድርጎ የኖረው፣ ከጨለማው ግንብ ውስጥ ሆኖ ደቀ መዛሙርቱን ላከ፤ ይመጣል የተባልኸው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ ብለው ይጠይቁ ዘንድ። ይህ የጥርጥር ጥያቄ ነው የሚሉ አሉ፤ ለደቀ መዛሙርቱ ትምህርት ብሎ ነው የሚሉም አሉ። የሀገራችን መምህራን ይህን ሁለተኛውን ያጸናሉ። እኛ በመካከላቸው ለመፍረድ አንደፍርም። ዮሐንስ በነገሩ አልተገሠጸም፤ እንዲያውም መልእክተኞቹ ፊታቸውን እንዳዞሩ ጌታ ለሕዝቡ ስለ ታላቅነቱ ተናገረለት። የመጣለት መልስም ዕውሮች ማየታቸውን፣ አንካሶች መሄዳቸውን፣ ለድሆች የምሥራች መነገሩን የሚያበሥር ነበር። ስለ እርሱ መፈታት ግን በመልሱ ውስጥ አንዲት ቃል የለችም።

የመስከረም 1 ቀን ስንክሳር በተነበበ ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን የአንገቱን መቆረጥ ታስባለች። እኛ የበዓሉን ወጥ ገና ሳንጨርስ ማለት ነው። ቅድመ አያቶቻችን የዓመቱን የመጀመሪያ ደስታ ከዚህ ሰው ስም ጋር ሲያጣብቁት ምን አስበው እንደነበር አልጻፉልንም። ግን ከእስር ቤት ያልወጣን ሰው የደስታ በዓል ባለቤት ያደረገ ሕዝብ፣ ደስታን ከመልካም አጋጣሚ ጋር ያምታታ ሕዝብ ሊሆን አይችልም።

የአዝመራውን ነገር እንጨርስ። መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ቀን ለ40 ቀናት ማኅሌቱ በአበባ ይሞላል። በወንጌል ስለ ምን እንበላለን፣ ስለ ምን እንለብሳለን ለሚጨነቁ ሰዎች የተሰጠውም ምሳሌ የሜዳ አበባ ነበር፤ ሳይፈትል ከሰሎሞን ይልቅ የለበሰው። ዐደይ አበባን ማንም አልዘራውም፤ ማሳ ውስጥ ሲበቅል አራሚው እንደ አረም ይነቅለዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ሀገሩን ሲያለብስ ግን ማንም አረም አይለውም። አንዳንድ ሰባኪ ይህን ይዞ ‹‹እንግዲህ አትፍተሉ›› ሊል ይዳዳዋል። ክረምቱን ሙሉ እንዝርቷን ስታሾር ለከረመች፣ ለልጇ የበዓል ነጠላ ያደረሰች እናት ፊት ቆሞ ይህን የሚል ሰው ነጠላውን ማን እንደፈተለለት የረሳ ነው። ምሳሌው የተነገረው ለሚፈትሉ ሰዎች ነው፤ እጃቸው እየሠራ ልባቸው እንዳይረበሽ።

በ1977 ብዙ ሰው በረኀብ ሲያልቅ ሳለ፣ ሌላው ደግሞ የዳነው ባልንጀራው ያለችውን ቁራሽ ከፍሎ ስላጎረሰው መሆኑን የዚያ ዘመን ሰዎች ሲናገሩ ሰምተናል። ዘሩ የጠፋበት ገበሬ ከጎረቤቱ የዘር ብድር ይወስዳል፤ በሬው የሞተበት በወንፈልና በደቦ ይታረስለታል፤ ኀዘን የደረሰበትን እድር ያቆመዋል። መግቦት ከሰማይ የሚወርደው እንደ መና ብቻ ነው ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ በበሩ የገባውን ጎረቤት ሳያየው ይቀራል። በሰራፕታ የነበረችው መበለት እፍኝ ዱቄት ብቻ ቀርቷት ሳለ ነቢዩ ኤልያስ ደጇ ደረሰ፤ የመጣው ሊሰጣት ሳይሆን ሊለምናት ነበር። ያቺን የመጨረሻ እንጎቻ አስቀድማ ለእርሱ ጋገረች። ዱቄቱ ያላለቀው ከዚያ በኋላ ነው። የአያታችን ስልቻም ከዚሁ ወገን ይመስለናል።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ በየአጥቢያው የዓመቱ ባሕረ ሐሳብ ይታወጃል። ነነዌ መቼ ይገባል፣ ዐቢይ ጾም መቼ ይጀምራል፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን ይውላል እየተባለ ለሕዝቡ ይነበባል። በሚመጣው ዓመት ማን በሕይወት እንደሚቆይ፣ ዝናቡ ይዘንብ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የፋሲካው ቀን ግን ከወዲሁ ተቆርጧል። ምእመናኑ ይህን ሰምተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በጭቃው መንገድ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

እቤት ሲደርሱ ልጃገረዶች ቀድመዋቸው በየደጁ ቆመዋል። እግራቸው በጤዛ ርሷል፤ በእጃቸው ለምለም ሣርና ዐደይ አበባ ይዘዋል፤ ‹‹አበባየሆሽ››ን ይዘፍናሉ። ለባለቤቱና ለባለቤቲቱ ሀብትና ጤና፣ ለቤቱም መልካም ዘመን ይመኛሉ። ከጓሮው ባሻገር ጤፉ አንድ ስንዝር ያህል ቁመት አውጥቶ በነፋሱ ይተኛል፣ ይነሣል። ሴትዮዋ ወደ ማጀት ገብታ ከሌማቷ አንድ ድፎ ዳቦ አወጣች፤ ቆርሳም ለሁሉም አደለቻቸው።